ክርክር፦ የጤና ወሬን መመርመር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። «ይህ ቅጠል ስኳር በሽታን ያጠፋል»፣ «ይህ ቫይታሚን ልብን ይጠብቃል» የሚሉ ወሬዎችን እንዴት እንደሚመረምሩ ተማሪዎች የራሱ ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት ይማሩት? ወይስ የባዮሎጂ መምህሩ ትክክለኛውን መረጃ ነግሮ ይለፍ? ድጋፍም ተቃውሞም ከነምክንያቱ ይቅረብ።

የባዮሎጂ መምህር፦
እኔ እቃወማለሁ። የትምህርት ዘመኑ ለተመደበው ይዘት እንኳ አይበቃም። ደግሞስ ጉበትና ኩላሊት ምን እንደሚሠሩ የማያውቅ ልጅ «ከሰውነት መርዝ ያወጣል» የሚባለውን መጠጥ በምን ይመዝነዋል? መሠረቱ ዕውቀት ነው። ሌላው ሥጋቴ ጥርጣሬን ብቻ ይዞ የሚወጣው ተማሪ ነው፤ ዛሬ መጠጡን የተጠራጠረ ነገ ክትባቱንም ይጠራጠራል።

ሲስተር፦
መምህር፣ ዕውቀቱ እንደሚያስፈልግ አልክድም። ነገር ግን አንድ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳምን ማብራሪያ ስላለው ብቻ በሽታ ይከላከላል ማለት አይደለም። በካሮትና በመሳሰሉት አትክልቶች ውስጥ የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን የተባለ ንጥረ ነገር እንደ ምሳሌ ይመልከቱ። ሕዋሳትን ከጉዳት ይጠብቃል የሚል በቂ የሚመስል የባዮሎጂ ምክንያት ነበረው፤ ከምግባቸው ብዙ የሚያገኙ ሰዎችም በሳንባ ካንሰር የሚያዙት አነስ ብለው ታይተው ነበር። በፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች ቤታ ካሮቲንን በእንክብል በሚወስዱና በማይወስዱ ቡድኖች በዕጣ ተመድበው ሲሞከር ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ውጤት እንክብሉን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። አትክልት የሚያዘወትር ሰው በሌላ አኗኗሩም ይለያል፤ ዕጣ ያስፈለገው እንዲህ ያለውን ልዩነት በቡድኖቹ መካከል ለማመጣጠን ነው። እዚህ ላይ የሕዋስን ምዕራፍ በቃሉ የያዘ ተማሪ ይሳሳታል። «ከማን ጋር ተነጻጽሮ? ሰዎቹስ በምን ተመደቡ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ለመፍረድ አይቸኩልም።

የስታትስቲክስ መምህር፦
እደግፋለሁ፤ አቀራረቡ ግን ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትምህርቱ የሚበላሸው መምህሩ የሐሰት ወሬዎችን ዝርዝር ይዞ ገብቶ አንድ በአንድ «ውሸት» እያለ ሲሰርዝ ነው። ተማሪው መልሱን ይሸመድዳል፤ አዲስ ወሬ ሲመጣ የሚይዘው የለውም።

በሳንቲም ይጀመር። ለ6 ተማሪዎች «መድኃኒት»፣ ለሌሎች 6 «ያለ መድኃኒት» የሚል ወረቀት ይሰጣቸው። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ይወርውር፤ ከሳንቲሙ ሁለት ገጾች አንደኛው «ዳነ» ይባል። ከሁለቱ ቡድኖች ስንት ስንት እንደዳኑ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ይህ ቢያንስ 10 ዙር ይደገም። መድኃኒት የሚባል ነገር ሳይኖር በአማካይ ከ7 ዙር በአንዱ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የ3 ሰው ወይም የሚበልጥ ልዩነት ይወጣል። «መድኃኒት» ያሸነፈበትን አንድ ዙር ብቻ መርጦ «ይህን ማስታወቂያ ብናደርገውስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ሁሉንም ዙሮች አንድ ላይ ደምሮ በመቶኛ ማስላት፤ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ሲጠብ ያዩታል። አንድ ዙር ብቻ አሠርቶ ማቆም አይገባም፤ ከ5 አንዴ ገደማ ቡድኖቹ እኩል ስለሚወጡ መምህሩ የሚያሳየው ያጣል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ቃል ይመርመር። እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች የደም መርጋትን አደጋ እጥፍ ያደርጋሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ብዙ ሴቶች ደንግጠው አቋረጡ፤ በተከታዩ ዓመት የውርጃ ቁጥር ጨመረ። ቁጥሩ ሲፈታ ከ7,000 ሴቶች 1 የነበረው 2 ሆነ ማለት ነበር። ተማሪው 7,000 ነጥብ ባለው ወረቀት ላይ አንዷን ከዚያም ሁለተኛዋን ያቅልም። ለዚህ ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አያስፈልግም።

የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ፦
ስለ ጊዜው ልጨምር። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በሩዋንዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሞከረው የጤና ወሬን የመመርመር ትምህርት 10 ክፍለ ጊዜ ሲሆን እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ነው። በድምሩ 400 ደቂቃ ማለት ነው፤ ዓመቱን አያናጋም። ከዚያ ቀደም በኡጋንዳ 120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ትምህርት በሚሰጥባቸውና በማይሰጥባቸው በዕጣ ተከፍለው፣ ከተማሩት 69 በመቶ፣ ካልተማሩት 27 በመቶ የማለፊያውን ነጥብ አግኝተዋል። ይህ የፈተና ውጤት ነው፤ ከክፍል ውጭ የሚያደርጉትን ለብቻ መለካት ይገባል። የምሰጋው ለመምህራኑ ነው፤ ራሳቸው «ተፈጥሯዊ ነገር አይጎዳም» ብለው የሚያምኑ ከሆነ ሥልጠናው ከእነሱ ይጀምራል።

የባዮሎጂ መምህር፦
የሳንቲሙ ሥራ አሳምኖኛል። ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም፤ ስድስቱ ክፍለ ጊዜ ከባዮሎጂ፣ አራቱ ከሒሳብ ይወሰድ። ሥጋቴም አልተነሣም። ለክፍል ከሚቀርቡት አባባሎች ግማሾቹ በደንብ ተፈትነው እውነት የተገኙ ይሁኑ፤ የኩፍኝ ክትባትና ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨው፣ የስኳርና የውኃ ድብልቅ ይኑሩባቸው። ሁሉንም «ውሸት» ያለ ተማሪ ግማሹን ነጥብ ይጣ።

የስታትስቲክስ መምህር፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነጥቡ ግን ለምክንያቱም ይሰጥ። ከ4 ነጥብ 1ዱ ለመልሱ፣ 3ቱ ተማሪው ለጻፈው፦ ማነጻጸሪያ ነበረ ወይ፣ ምደባው በዕጣ ነው ወይ፣ የሰዎቹ ብዛት ይበቃል ወይ። «ጎረቤቴ ድኗል» ብሎ ትክክለኛ መልስ የሰጠ 1 ያገኛል።

ሲስተር፦
አንድ ነገር ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ይነገራቸው። ተማሪው ቤት ሄዶ እናቱን የደም ግፊት ክኒን እንዳያስቆም። ጥያቄ ካለው ወረቀት ላይ ጽፎ ወደ ጤና ባለሙያ ይዞ ይሂድ፦ ብወስደው ምን ይጠቅማል፣ ምን ይጎዳል፣ ባልወስደውስ ምን ይሆናል? መምህሩም እነዚህን ሦስቱን በክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያለማምዳቸው፤ አንዱ ባለሙያ፣ ሌላው ታካሚ ሆኖ።