ስለ ሐረር የተሠራ ፊልም የማስረዳት ዕዳ አለበትን? የድሬዳዋ ፊልም ተመልካቾች ክርክር

አወያይ፣ ከከዚራ፦

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ «ፋያ ዳዪ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም አብረን ተመልክተን ስንጨርስ የተነሣው ሙግት በዚያው ምሽት እንዳይቀር በጽሑፍ እንድንቀጥልበት ተስማምተን ነበር። በዕለቱ ላልተገኛችሁ ባጭሩ ልግለጽ። የፊልሙ አዘጋጅ ጄሲካ በሽር ከሜክሲኳዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት ተወልዳ በሐረር ያደገች ስትሆን፣ በ16 ዓመቷ ከአገር ወጥታለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እየተመላለሰች ለ10 ዓመት ያህል በሐረርና በዙሪያዋ የቀረጸችውን በጥቁርና ነጭ ምስል የ2 ሰዓት ፊልም አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል አሳይታለች፤ ፊልሙ በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ለኦስካር በቅድሚያ ከተለዩት 15 ሥራዎችም አንዱ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ጫት የሚለቅሙና የሚያስሩ ሠራተኞች፣ ስደትን የሚያውጠነጥኑ ወጣቶች፣ የሱፊዎች ትረካና ጸሎት አሉ። ነገሩን የሚያስረዳ ተራኪ ግን የለም፤ አስተያየት የሚሰጥ ባለሙያም ሆነ አሃዝ አይታይም። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ስለ አንድ ሕዝብ የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ለተመልካቹ የማስረዳት ግዴታ አለበትን? ከወዲሁ እንድታውቁት ያህል፣ የእኔ ዝንባሌ «የለበትም» ወደሚለው ነው።

ከሳቢያን፦

የፊልሙን ውበት የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ጭሱና ብርሃኑ፣ የሰዎቹ ፊት፣ ድምፁም ጭምር በብዙ ጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። ቅሬታዬ የሚጀምረውም ከዚሁ ውበት ነው። ጫት በምሥራቅ ሐረርጌ የሕልም መግቢያ በር ብቻ ሳይሆን የገበሬው የዓመት ቀለብ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የመንግሥትም ግብር ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተለቅሞ በጥድፊያ የሚጫነው ኃይሉ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚደክም ነው፤ መኪኖቹ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ የሚበሩት በዚሁ ምክንያት መሆኑን የአወዳይን ገበያ ያየ ሁሉ ያውቃል። የሐረር ቡና እየተነቀለ ቦታውን ለጫት የለቀቀው ገበሬው ሒሳቡን ሠርቶ ስላየው ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ መድረቅ የደረሰው ደግሞ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተሞችም መጠጥ ውኃው ያለ ልክ ስለተሳበና ደለል ስለሞላው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ስትከለክል በዚህ አካባቢ ስንት ቤት እንደተናጋ የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ፤ ያ የሆነው ደግሞ ይህ ፊልም ይቀረጽ በነበረባቸው ዓመታት ነው።

ከእነዚህ ነገሮች አንዳንዱ በሰዎቹ ጨዋታ መካከል ብልጭ ቢል እንኳ ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር አያይዞ የሚያስጨብጥ አንድም ቦታ አላገኘሁም። አገራችንን የማያውቅ ሰው ፊልሙን አይቶ ሲነሣ ሐረርጌ ሰዎች በጭስ መካከል ሲያልሙ የሚውሉባት ምድር ትመስለዋለች። ችግሩን አሳይቶ መንሥኤውን መደበቅ፣ ችግሩን ከሰዎቹ ተፈጥሮ እንደመጣ አድርጎ መተው ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ግዴታው አለ።

ከጀጎል፣ ሐረር፦

የሳቢያኑ ወንድማችን የዘረዘሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ከአንዱም ጋር ጠብ የለኝም። ነገር ግን ሐረር ማብራሪያ ተነፍጓት እንደኖረች አድርገው ማቅረባቸውን አልቀበልም። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ገብቶ 10 ቀን ሰንብቶ ሲወጣ መጽሐፍ ጽፎብናል፤ እኛ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስንብራራ የኖርን ሰዎች ነን። ስለ ከተማችን የተሠራውን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሁሉ አስታውሱ፤ አምስቱ በሮች፣ 82ቱ መስጊዶች፣ ጅብ የሚያበላው ሰው፣ የፈረንሳዊው ባለቅኔ የራምቦ ቤት፣ በ1998 በዩኔስኮ መመዝገባችን። ተራኪው እነዚህን በወፍራም ድምፅ ይደረድራቸዋል፤ የከተማው ሰው ግን ከበስተጀርባ ሲያልፍ ብቻ ይታያል። ማብራሪያ የበዛበት ፊልም ተናጋሪውን ባለሙያ፣ እኛን ደግሞ የሚነገርብን ነገር ያደርገናል። እዚህኛው ፊልም ላይ ግን ሰዎቹ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ወደ ካሜራው ዞሮ ራሱን ለባዕድ የሚተረጉም የለም። ይህን ክብር ከሌላ ፊልም አላገኘሁትም።

እኔን ቅር ያሰኘኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐረርን ያለ ቀለም ማሳየት ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል። የጌ ጋር፣ የሐረሪው ባህላዊ ቤት፣ ቀይ መደብ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የስፌት ዓይነት፣ የአጥሩ አረንጓዴና ሐምራዊ ኖራ፣ የሴቶቹ ልብስ ሁሉ ጠፍተዋል። አዘጋጇ ቀለሙን ማስወገዷ ከቱሪስት ፖስታ ካርድ እንዳዳናት ይገባኛል፤ ቢሆንም ቀለም ለእኛ ጌጥ ብቻ አይደለምና ዋጋ ከፍላለች እላለሁ። ይህን ያክል።

ከመጋላ፦

ሁለታችሁም ስለ ተመልካቹ ነው የምትጨነቁት፤ እኔ ከጫት ነጋዴ ቤት ስላደግሁ ዓይኔ ያረፈው በሠራተኞቹ እጅ ላይ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ቅጠሉ ሲለይ፣ ሲታሰርና ሲጠቀለል የሚታየው ፍጥነት እውነተኛ ነው፤ ማንም ሳያስረዳኝ ሰዓቱ እየቀደማቸው እንደሆነ ከእጃቸው አንብቤዋለሁ። የሳቢያኑ ወንድሜ «ኃይሉ በአንድና በሁለት ቀን ይደክማል» ያሉትን ፊልሙ በእነዚያ እጆች ተናግሮታል ባይ ነኝ።

ሆኖም ምርቃናው ከሥራው በላይ ቦታ አግኝቷል። በእኛ አካባቢ ብዙው ሰው የሚቅመው ለማለም ሳይሆን ለመሥራት ነው፤ ጫኙም ሾፌሩም ሌሊቱን የሚገፉት በእሱ ነው። በርጫ ላይ ተቀምጦ በሐሳብ የሚነጉደውና ሌት ተቀን የሚሸከመው በአንድ ዓይነት ጭጋግ ሲታዩ ቅር ይለኛል። በጉሊት ተቀምጠው እስከ ማታ ድረስ የሚሸጡት፣ የዱቤውን ሒሳብ በቃላቸው የሚይዙት እናቶቻችንም ለእኔ በሚገባቸው መጠን አልታዩም። ይህ ግን የማብራሪያ ጉድለት ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ተራኪ ቢጨመርበትም አይስተካከልም።

ከገንደ ቆሬ፦

እስቲ ከሐረር ትንሽ እንውጣና ማብራሪያ የሞላባቸውን ሥራዎች እንመልከት። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባቀረበው ስለ ምድራችን ተፈጥሮ በሚያወሳው ተከታታይ ዝግጅት ውስጥ ዋልረስ የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት በሩሲያ ሰሜን ምሥራቅ ከ80 ሜትር ገደል ላይ እየተንከባለሉ ሲሞቱ ይታያሉ። ዴቪድ አተንቦሮ ምክንያቱ የባሕሩ በረዶ መሳሳት መሆኑን ይተርካሉ። ትዕይንቱ ከቀረበ በኋላ አንዲት ካናዳዊት የእንስሳት ተመራማሪ እንስሳቱን ወደ ገደሉ የነዷቸው የዋልታ ድቦች ናቸው በማለት ተከራከሩ፤ አዘጋጆቹ ደግሞ በቃላቸው ጸኑ። ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ የእኔ ሙያ አይደለም። የምለው፣ ምስሉ አንድ ሆኖ ሳለ ያን ሁሉ ሙግት ያስነሣው በላዩ ላይ የተጫነው ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦስካር ያገኘውን የደቡብ አፍሪካውን የኦክቶፐስ ፊልም ያያችሁም ታውቃላችሁ፤ ኦክቶፐሷ ምን እንደተሰማት የሚነግረን ሰውየው ነው፣ እሷን የጠየቃት የለም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የክሊዮፓትራ ተከታታይ ነው። ምሁራን ያስረዳሉ፣ ተዋንያን ይተውናሉ፣ ሁለቱ ተደባልቀው ዘጋቢ ሥራ ተብለው ይቀርባሉ። ንግሥቲቱ በጥቁር ተዋናይት በመወከሏ የግብፅ የቅርስ ባለሥልጣናት ክሊዮፓትራ ከመቄዶንያ ግሪኮች ዘር የመጣች ነበረች ብለው ሥራውን ታሪክን ማጭበርበር ሲሉ ኰነኑት። እንግዲህ አስረጂዎች ተሰልፈው የመጣው ውጤት ይህ ከሆነ፣ ማብራሪያ እውነትን ያስጠብቃል የሚለው መከራከሪያ በምን ይቆማል?

ከሳቢያን፦

የገንደ ቆሬው ወንድሜ ለእኔ መስክረውልኛል። ግብፃውያኑ «ይህ ሐሰት ነው» ለማለት የቻሉት ፊልሙ የሚጨበጥ ነገር ስለተናገረ ነው። ካናዳዊቷ ተመራማሪም ለመከራከር የቻሉት ተራኪው ምክንያት ስለሰጠ ነው። የተነገረ ነገር ይመረመራል፣ ከተሳሳተም ይታረማል። ዝም ባለ ፊልም ላይ ግን በምን ትሟገቱታላችሁ? «ሰዎቹን ሰነፍ አስመሰልሽ» ብትሏት «እኔ ምንም አላልኩም» ትላለች፤ እውነቷንም ነው፣ ምንም አላለችም። ዝምታ የሚያስተላልፈው መልእክት አለው፣ ተጠያቂ ግን የለውም። እኔን የሚያሰጋኝ ስሕተቱ ሳይሆን ይህ ተጠያቂነት ማጣቱ ነው።

ከደቻቱ፦

በመሐል ስለገባሁ ይቅርታ። ይህን ፊልም ያየነው ከውጭ የመጣ የአንዱ አባላችን ወንድም በራሱ ክፍያ ስለከፈተልን ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የሌለው የአወዳይ ለቃሚ ራሱን የሚያይበት መንገድ የለውም። የማስረዳቱ ግዴታ ከመነሣቱ በፊት የማሳየቱ ግዴታ ይቅደም።

ከጀጎል፣ ሐረር፦

የደቻቱ ወንድሜ ያነሡት የክርክሩ እምብርት ይመስለኛል። አንድ ዝምታ ለሁለት ተመልካች ሁለት ነገር ነው። እኔ ፊልሙን ሳይ ዝምታው ባዶ ቦታ አልሆነብኝም፤ የዕጣኑን ሽታ፣ የዚክሩን ዜማ፣ በፊልሙ ያለው ልጅ ከአባቱ ጋር ለምን እንደማይግባባ ከራሴ ሰፈር ሞላሁት። ኒው ዮርክ የተቀመጠ ተመልካች ደግሞ ያንኑ ክፍት ቦታ በምሥጢርና በሩቅ አገር ሕልም ይሞላዋል። የሳቢያኑ ወንድሜ የሚፈሩት ሁለተኛውን ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ለኒው ዮርኩ ሰው ሲባል ተራኪ ቢገባበት እኔ የማውቀውን እየነገረ ፊልሙን ከእኔ ይወስድብኛል። አንድ ጊዜ እንኳ እኛ ሳይተረጎምልን የምንረዳው፣ ሌላው የሚቸገርበት ፊልም መገኘቱ ምን ይጎዳል?

ተጠያቂነቱንም በሚመለከት፣ ዝም ያለ ፊልም አይሞገትም መባሉን አልቀበለውም። የመጋላው ወንድማችን ምርቃናው ከሥራው በልጧል ብለዋል፤ እኔ ቀለሙን ጠይቄያለሁ፤ እርስዎም መንሥኤው ተደበቀ ብለዋል። ይኸው ስንሟገተው ቆየን። አዘጋጇ ምን እንደመረጠችና ምን እንደተወች መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚያም የተራኪ ቃል አያሻንም።

ከሳቢያን፦

እኛማ አገሩን ስለምናውቀው ሞገትነው። የማያውቀውስ በምን ይሟገታል?

አወያይ፣ ከከዚራ፦

በዚህ ነጥብ የምንግባባ አይመስለኝም፤ እንድንግባባም አልጠብቅም። እኔ ጥያቄውን ሳነሣ ከያዝኩት ብዙ አልራቅሁም፣ የሳቢያኑ ወንድማችን ስለ ተጠያቂነት ያነሡት ግን እስካሁን መልስ ያላገኘሁለት ነው። «ዝምታ ክብር ነው» የሚለው አባባል በሐረር ላደገች አዘጋጅ ሲሠራ፣ ለሁለት ሳምንት ካሜራ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ማምለጫ ሊሆነው ይችላል፤ ሁለቱን በምን እንደምንለያቸው በሚቀጥለው ፊልም ላይ እንፈትነው።

የደቻቱን ሐሳብ በተመለከተ፣ ፊልሙ በሕጋዊ ፈቃድ በአወዳይና በሐረር በነጻ የሚታይበት መንገድ እንዲገኝ ለአከፋፋዩ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ የኦሮምኛውን ቅጂ የመጋላው ወንድማችን ያዘጋጃሉ። የሳቢያኑ ወንድማችን ስለ ጫት ንግድ፣ ስለ ሐይቁና ስለ ቡናው የጻፉት በአንድ ገጽ ተጠቃልሎ ለተመልካች ይታደል ብለዋል፤ የጀጎሏ እኅታችን ደግሞ ወረቀቱ ከፊልሙ በፊት ከታደለ ሰው የሚያየው ወረቀቱን ነው ሲሉ ተቃውመዋል። ስለዚህ ወረቀቱ ይጻፋል፣ የሚታደለው ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው።

ከሳቢያን፦

ቅደም ተከተሉን አልደግፈውም፤ ወረቀቱን ግን እስከ ዐርብ እጽፋለሁ።