በአሜሪካ የሚሸጠው «የሲቪል ክላሽ» ከእኛው በምን ይለያል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ በአሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ከሱቅ ገዛሁት ብሎ ፎቶውን የላከልኝ ጠመንጃ ቁርጥ ክላሽ ነው፤ እሱ ግን «የሲቪል ነው» ይለኛል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ ከውስጥ ነው። የወታደሩ ክላሽ በቀኝ ጎኑ ያለው መቀየሪያ መቆለፊያ፣ ተከታታይ እና ነጠላ የሚባሉ ሦስት ቦታዎች ሲኖሩት፣ የሲቪሉ ሁለት ብቻ ስላሉት ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል። ግለሰብ ያንን ወደ ተከታታይ ተኳሽ ቢለውጠው በዚያ አገር ከባድ ወንጀል ነው፤ ከግንቦት 1986 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ አውቶማቲክ መሣሪያ ለግለሰብ አይሸጥም።

መልስ (ከሞጣ)፦ የጦር መሣሪያ በሲቪል እጅ መገኘቱ አዲስ አይደለም፤ ምንሽርና አልቤን የሚባሉት የአያቶቻችን ጠመንጃዎችም እኮ በዘመናቸው የጦር ሜዳ መሣሪያዎች ነበሩ። ይልቅስ ወንድሜ፣ ወደ ጎጃም ይላክልኝ ብለህ እንዳታስብ፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትም ሆነ መያዝ ያስቀጣል።