ወንዝ ዳር ያለችውን እናቴን እንዴት ላሽሻት? ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው ሸዋ ሮቢት፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ነው። የዘንድሮ ክረምት ከብዷል፤ እኔም ጨንቆኛል።

የእኛን ጎርፍ ክፉ የሚያደርገው ከላይ መምጣቱ ነው። ጣርማበርና ደብረ ሲና በኩል ሲዘንብ፣ ውሃው ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነስቶ ወደ እኛ ቆላ ይወርዳል። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣ ኮከብ እየታየ ወንዙ ድንገት ይሞላል። ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ድምፁ አልጋ ላይ ሆነን ይሰማናል። ትናንት ማታ ከጓሯችን ያለውን የማሾ ማሳ ጠርዝ ገምሶ ወሰደው። የግራሩ ሥር ራቁቱን ቀርቷል።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ በሌሊት ሮጣ አታመልጥም። "ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ" ብላ እምቢ አለች። ቤቱ ደግሞ የጭቃ ነው፤ ውሃ ከሥር ከገባበት አይቆምም። ንብረቱ ይቅር፣ እሷ ትትረፍልኝ።

ደብረ ሲናና አርማኒያ ያላችሁ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል በሌሊትም ቢሆን ደውሎ የሚነግረኝ ሰው አለ? ማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ መደርደርስ ለጭቃ ቤት ይረዳል? ውሃውን ወደ ጎረቤት እንዳልገፋው ፈርቻለሁ። እምቢ ያለ ወላጅ ያሳመናችሁም እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ፤ ልመናው አልሠራልኝም።

ከወንዙ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንድ ክፍል የሚያከራይ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ። እስከ መስከረም ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ዛሬ ከተገኘ ዛሬውኑ እንገባለን።