ስድስቱን እህትማማቾች በድሬዳዋ መድረክ እንዴት እናቅርባቸው?

የከዚራ ልጅ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በድሬዳዋ የምንኖር ጥቂት የተውኔት ወዳጆች ነን። በእንግሊዝ አገር ስለ ሚትፎርድ እህትማማቾች የተሠራ አዲስ ተውኔት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ እንደሚታይ ካነበብኩ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። የባላባት ልጆች የሆኑ ስድስት እህትማማቾች በአንድ ቤት አድገው፣ ዳያና የእንግሊዝ ፋሺስቶችን መሪ ኦስዋልድ ሞዝሊን አገባች፤ ዩኒቲ ሂትለርን ብላ ሙኒክ ገባች፤ ጄሲካ ደግሞ ወደ ኮሚኒስቶቹ አዘንብላ እ.ኤ.አ. በ1937 ከቤት ኮብልላ ወደ ስፔን ሄደች። ሐሳባችን የእንግሊዞቹን ተውኔት መተርጎም ሳይሆን፣ በዚሁ ታሪክ ላይ የራሳችንን አጭር ድርሰት ጽፈን በድሬዳዋ፣ በሐረማያና በሐረር ማሳየት ነው። ያሉን ሴት ተዋንያን ሦስት ብቻ ናቸው፤ ዕቃችንም በአንድ ሚኒባስ ተጭኖ የደንገጎን ዳገት መውጣት ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ተመልካቻችን ስማቸውን ሰምቶ ለማያውቃቸው የእንግሊዝ ወይዛዝርት ልቡ ይራራ እንደሆነ ነው። ታሪኩን ወደ እኛ መሳፍንት ቤት ብናዞረው ይሻል ይሆን?

ከጀጎል (መልስ)፦

ወንድሜ፣ እባክዎ አያዙሩት። እነዚህ ሰዎች ከእኛ ታሪክ የራቁ አይደሉም። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የሞዝሊ ፓርቲ በኢጣሊያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ በመቃወም በእንግሊዝ ዘመቻ ያካሂድ፣ ከሙሶሊኒም በምስጢር ገንዘብ ይቀበል ነበር። ሐረር ከአየር የተደበደበችው መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የግራዚያኒ ጦር ሚያዝያ 30 ቀን ሐረር ገባ፤ በማግስቱ ግንቦት 1 ቀን ድሬዳዋ በጠላት እጅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ መስከረም 26 ቀን 1929 ዓ.ም. ዳያና በርሊን ውስጥ በናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር በጎብልስ ቤት፣ ሂትለር በተገኘበት ከሞዝሊ ጋር ተጋባች። አያቴ ስለዚያ ድብደባ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበርና፣ እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል። ሠርጉ በመድረክ ላይ ሲደገስ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ የሐረርንና የድሬዳዋን ቀኖች ብቻ ቢያነብ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጉዳዩ የራሱ መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የመድረክ ባለሙያ (መልስ)፦

ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን ተውኔት ሳስተምር እንዳየሁት፣ ፖለቲካን የያዘ ድርሰት የሚበላሸው ገጸ ባሕርያቱ በየተራ ንግግር ሲያደርጉ ነው። ስለዚህ ከስድስቱ ዳያናን፣ ዩኒቲንና ጄሲካን ይያዙ፤ ናንሲን ዩኒቲን የተጫወተችው ተዋናይ በኋለኛው ክፍል ልትጫወታት ትችላለች። ፓሜላና ዴቦራ በወሬ ቢነሱ በቂ ነው። ለመድረክ ግንባታ አንድ ክፍልና አንድ መስኮት ይበቃችኋል፤ ዩኒቲና ጄሲካ በልጅነታቸው የጋራ ክፍላቸውን ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛዋ የናዚን ምልክት፣ ሌላኛዋ መዶሻና ማጭድን በመስኮቱ መስታወት ላይ በአልማዝ ቀለበት ፍቀዋልና። ይህች ጄሲካ ዳያናን ለዘመናት ስትርቅ፣ ዩኒቲን ግን መውደዷን አልተወችም።

አሁን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቋንቋውን ነው። በእንግሊዝኛ እህትማማቾች ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራራሉ፤ የእኛ አማርኛ ግን ቁጣንም ዝምድናንም በአጠራር ይገልጻል። ዳያና ጄሲካን በሰባት ዓመት ትበልጣታለች፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ትዕይንት ታናሺቱ «እትዬ ዳያና» እያለች ከጉልበቷ ሥር ትቀመጥ። ከሠርጉ በኋላ «እትዬ» የሚለው ቃል ከአፏ ይጥፋ፤ በመጨረሻም «ወይዘሮ ሞዝሊ፣ እርስዎ» ትበላት። ያ «እርስዎ» ከስድብ ይልቅ ያማል፣ እህትን ባዕድ ያደርጋልና። አንድ ቃል ሳይጨመር መለያየቱ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።

የመጨረሻውን ትዕይንት እ.ኤ.አ. በ1973 በናንሲ የሞት አልጋ አጠገብ አድርጉት፤ ጄሲካና ዳያና ከብዙ ዓመታት በኋላ የተገናኙት ያን ጊዜ ነው። ዳያና እ.ኤ.አ. በ1940 ስትታሰር፣ አደገኛ ናት ብላ ለመንግሥት ከጠቆሙት አንዷ ናንሲ ነበረች፤ ዳያና ይህን ያወቀችው ናንሲ ከሞተች በኋላ ነው። ምንም ሳታውቅ የጠቆመቻትን እህቷን ታስታምማለች። ተመልካቹ ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ ዳያና ግን ትራሱን እያስተካከለች ዝም ትበል።

የታሪክ ተማሪ (መልስ)፦

በአክብሮት የተለየ ሐሳብ ላቅርብ። በፖለቲካ የተከፋፈሉ እንግሊዛውያን እህትማማቾች ከተፈለጉ፣ የባላባት ዘር ባይሆኑም፣ የፓንክኸርስት ልጆች ይቀርቡናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እናታቸውና ክሪስታቤል ጦርነቱን ሲደግፉ ሲልቪያ ተቃወሙ፤ አዴላ በአውስትራሊያ ከኮሚኒስት ፓርቲ መሥራቾች አንዷ ሆና ጀምራ፣ በኋላ ወደ ቀኝ አክራሪዎች ተሻግራ እ.ኤ.አ. በ1942 ታሰረች። ሲልቪያ ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ ጋዜጣ አቋቁመው ስለ እኛ ተሟግተዋል፤ አፅማቸውም በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈ ነው። ቢያንስ ሞዝሊ ስለ ማዕቀቡ በሚናገርበት ትዕይንት፣ የሲልቪያን ጋዜጣ የሚሸጥ ልጅ በመድረኩ ጥግ ቢያልፍ ደስ ይለኛል።

የከዚራ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሠርጉን ከሐረርና ከድሬዳዋ ቀኖች ጋር እናያይዘዋለን፤ ጋዜጣ ሻጩንም እናስገባለን፤ ታሪኩም በእንግሊዝ ይቆያል። ስለ «እትዬ» የተነገረውን ትናንት ለተዋንያኑ ሳነብላቸው፣ ጄሲካን የምትጫወተው ልጅ ያንን «እርስዎ» ወዲያው ሞከረችው፤ ዳያና የምትሆነው ጓደኛዋ መልስ ጠፍቷት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ዝምታውን በድርሰቱ ውስጥ እንዳለ ጽፌዋለሁ። ቀሪው ችግር መስኮቱ ነው፦ በመንገድ የማይሰበር፣ በላዩ ሲፋቅ ግን ከኋላ ወንበር የሚታይ ነገር ምን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን።