«እርስዎን በግልዎ የሚነካዎት የቱ ነው?»

ሰላም ወገኖች፣

ይሄን የምጽፈው ንዴቴ ትንሽ ከበረደ በኋላ ነው። ጨርሶ በርዷል ማለቴ ግን አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ታብሌት የያዘ ወጣት ቆሟል። ለአንድ ተወዳዳሪ እየቀሰቀሰ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ስንት በር ሲያንኳኳ እንደዋለ ፊቱ ይናገራል። «በዚህ ምርጫ በጣም የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?» አለኝ።

ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ የመጀመሪያ ድምጼ ስለሆነ አስቤበት ነበር። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሆስፒታል ድረስ ያደርሳቸው የነበረው አውቶቡስ መስመሩ ተሰርዟል። አሁን ከነምርኩዛቸው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የሚሄዱት። ይሄንኑ ነገርኩት።

ልጁ በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ታብሌቱን አየት አደረገና «ገባኝ። ግን እርስዎን በግልዎ የሚነካዎት የቱ ነው?» አለኝ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ግብር። ኪራይ። ነዳጅ። ትራንስፖርት። የሕክምና ወጪ። ከእያንዳንዱ ጎን ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን አለች። የጎረቤት ሳጥን የለችም።

በልጁ አልፈርድም። የተሰጠውን ነው የሚሞላው። እኔን ያበሸቀኝ ያንን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው ነው። ያ ሰው እኔን ሲያስብ የሚታየው ኪሴ ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ አንድን ሰው «ሆድ አደር» ካልከው ሰድበኸዋል። እዚህ ግን ተወዳዳሪው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ እባክህ ሆድ አደር ሁንልኝ ብሎ ይለምንሃል። ያውም በፈገግታ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮናልድ ሬገን ለአሜሪካ ፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ ከጂሚ ካርተር ጋር ተከራክረው፣ ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሕዝቡን በቀጥታ ጠየቁት፦ ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት ዛሬ ይሻላችኋል ወይ? አጭር ጥያቄ ናት። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተወዳዳሪ ተዋሳት! የሚገርመው ሬገን እዚያ ላይ አላቆሙም። በአገሪቱ ሥራ አጥነት ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ አገሪቱስ በዓለም ፊት እንደ ድሮው ትከበራለች ወይ ብለውም ጠይቀው ነበር። ይሄኛውን ግን ማን ያስታውሳል? ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረችው የኪስ ጥያቄ ናት።

ሌላ መንገድ የሞከረ አልጠፋም። ጆን ኬኔዲ በ1960 ሎስ አንጀለስ ላይ የፓርቲያቸውን እጩነት ሲቀበሉ፣ እኔ የምነግራችሁ የምሰጣችሁን ሳይሆን የምጠይቃችሁን ነው፣ የምናገረውም ለክብራችሁ እንጂ ለኪሳችሁ አይደለም የሚል መልእክት ይዘው ነበር የቀረቡት። አሸነፉም። በጠባብ ልዩነት ቢሆንም ማሸነፍ ማሸነፍ ነው።

የእኛ የስደተኞቹ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ለእኛ ሲሆን ንግግሩ ሌላ መልክ አለው። «እናንተ ወረፋ ጠብቃችሁ፣ ለፍታችሁ ነው የመጣችሁት። አሁን የሚመጡት ግን ሥራችሁን ይሻማሉ፣ ኪራይ ያስወድዱባችኋል» ይሉናል። ወገን፣ እነዚያ «አሁን የሚመጡት» እነማን ናቸው? ወረቀቷን የምትጠብቀዋ እህትህ ናት። የጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ሦስቴ የተራዘመበት የሰፈርህ ልጅ ነው። እነሱ ድምጽ የላቸውም። ኒውዚላንድ ብትሆን ቋሚ ነዋሪም ይመርጣል፤ በአብዛኛው አገር ግን ዜጋ ካልሆንክ በአገር አቀፍ ምርጫ አትቆጠርም። እኔ ለራሴ ብቻ ከመረጥኩ ለእነሱ ማን ይመርጥላቸዋል?

ጻድቅ ልምሰል ብዬ አይደለም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ግብር ይቀነሳል ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ግን ጆሮዬ መቆሙ አንድ ነገር ነው፤ ከጆሮዬ ሌላ ምንም የለኝም ተብሎ መታሰቡ ሌላ።

እናንተስ እንዴት ነው የምታዩት?

*

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፤ ግን አልስማማም።

ሁለት ልጆች ብቻዬን ነው የማሳድገው። ኪራይ በተጨመረ ቁጥር አንድ ነገር ከቤታችን ይቀነሳል። ባለፈው ዓመት የተቀነሰው የትልቋ ልጄ የዋና ትምህርት ነበር። አንድ ተወዳዳሪ መጥቶ ስለ ኪራዬ ቢጠይቀኝ «ሆድ አደር አደረገኝ» አልለውም። ተመስገን፣ የሚጠይቀኝ አገኘሁ ነው የምለው። የኪስ ነገር ለባለ ሙሉ ኪስ ነውር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ኪሴ ውስጥ ያሉት ልጆቼ ናቸው።

ሌላም ልጨምር። እኛ እኮ የመጣነው ፖለቲከኛ ስለ ራስህ ጥቅም ጠይቆህ ከማያውቅበት ነው። አባቴ በወጣትነቱ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል ሰልፍ ወጥቷል። ቀጥሎ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ። ሁሉም ነገር የተባለው ታላቅ ወንድሙም ነበር። እሱም ሄደ፣ አልተመለሰም። ስለዚህ አንድ መሪ «የምጠይቃችሁን እነግራችኋለሁ» ሲል አንተ ክብር ይታይሃል፣ እኔ የአያቴ ለቅሶ ይሰማኛል። ስለ ነዳጅ ዋጋ የሚያወራው ሰውዬ ቢያንስ ልጄን አልጠየቀኝም።

*

መልስ፦

እኔ የምሠራው በቲፕ ነው፤ ስለዚህ ይሄ ውይይት ይመለከተኛል። 2024 ላይ ትራምፕ ላስ ቬጋስ ሄደው ከቲፕ ላይ ግብር አነሳለሁ አሉ። ሁለት ወር ቆይቶ ተቀናቃኛቸው ካማላ ሃሪስም እዚያው ላስ ቬጋስ ሄደው እኔም አሉ። እኛ ሥራ ቦታ ሳቅን። በአንድ ጉዳይ ሁለቱም ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በ2025 ሕጉ ወጣ። ተጠቅሜበታለሁ፣ አልዋሽም። ግን ዝርዝሩን እዩት፦ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ድረስ ብቻ፣ ከፌዴራል የገቢ ግብር ብቻ፣ ያውም እስከ 2028። ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ለጡረታ ማለት ነው፣ የሚቆረጠው እንዳለ ነው። ገቢው ዝቅ ብሎ መጀመሪያውኑ የፌዴራል ገቢ ግብር የማይደርስበት ሰው ምንም አላገኘም። ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን የሚያጥበው ጓደኛዬም ቲፕ ስለማይደርሰው ምንም አላገኘም። ከእኔ እኩል ቆሞ ይውላል፣ ከእኔ ያነሰ ያገኛል። ሕጉ ሲወጣ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ።

*

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ።

እህቴ፣ ስለ አጎትሽ ያልሽው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አስነስቶኛል። እውነትሽን ነው። መስዋዕትነት የሚጠይቅ ሁሉ ቅን አይደለም። እኔ ግን ስለ ኪራይ አይወራ አላልኩም። ኪራይ የአንቺ ብቻ አይደለም እኮ፣ የሕንጻው ሁሉ ነው። ተወዳዳሪው «የአንቺን ኪራይ» ሲል እና «በዚህ ከተማ ያለውን ኪራይ» ሲል ግን ልዩነት አለው። በመጀመሪያው አንቺና እኔ ተቀናቃኞች ነን። በሁለተኛው ጎረቤቶች ነን።

ደግሞ ሰው ተወዳዳሪዎቹ እንደሚያስቡት አይደለም። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ዶናልድ ኪንደር እና ሮደሪክ ኪዌት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይሄንኑ አጥንተዋል። መራጩ ድምጽ ሲሰጥ ከራሱ ኪስ ይልቅ የአገሪቱ ኢኮኖሚ በጠቅላላው እንዴት ሆነ የሚለው እንደሚያመዝንበት ነው ያገኙት። ስዊዞችን ደግሞ እዩ። በ2012 ሕዝበ ውሳኔ ላይ በሕግ የተፈቀደው የዓመት እረፍት ከአራት ሳምንት ወደ ስድስት ይደግ ወይ ተብለው ተጠየቁ። ክፍያ ያለው እረፍት ነው! ሁለት ሦስተኛው አይሆንም አለ። ድርጅቶች ይጎዳሉ፣ ሥራ ይጠፋል የሚለው ስጋት አመዘነ። (ይሄም ዞሮ ዞሮ የራስ ጥቅም ነው የሚለኝ ይኖራል። ይሁን።) እነዚያው ስዊዞች በ2024 ለጡረተኞች በዓመት ከአሥራ ሁለቱ ሌላ አሥራ ሦስተኛ የወር ክፍያ ይጨመር ሲባሉ እሺ ብለዋል። በዚያው ቀን ደግሞ የጡረታ ዕድሜ ከፍ ይበል የሚለውን ጣሉት። ስለዚህ መላእክት አይደሉም። ግን አንዲት ሳጥን ውስጥም አይገቡም።

የቲፑ ወንድሜ፣ ለጓደኛህ ምን ብለህ መለስክለት? ብትነግረን ደስ ይለኛል።

አሁን የጻፍኩበትን ዋና ምክንያት ልንገራችሁ። ትናንት ደብዳቤ ደረሰኝ። ከዚያው ተወዳዳሪ ነው። በሚያምር ወረቀት፣ በስሜ። አርእስቱ ላይ «የትራንስፖርት ወጪዎ ያሳስብዎታል?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ልጁ ስለ አሮጊቷ የነገርኩትን አልጣለውም፤ «ትራንስፖርት» የምትለው ሳጥን ውስጥ ከቶታል። የእኔ ጭንቀት አድርጎ። እኔ በእግሬ ነው ሥራ የምሄደው።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። አሮጊቷ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

«አውቶቡሱ ይመለሳል የሚለው የት ጋ ነው?» አሉኝ።

አይልም አልኳቸው።