ዝቅተኛ ጥራት ያላቸው ጥናቶች የመድኃኒት ጉዳትን ለምን አሳንሰው ያሳያሉ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የሕመም ማስታገሻ በልብ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበን እየተነተንን ነው። በጥራት መመዘኛው ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ከደህናዎቹ ያነሰ ጉዳት ያሳያሉ። ደካማ ጥናት ውጤት ያጋንናል አይባልም እንዴ? እናስወጣቸው?

ኤፒ፦
ያጋንናል የሚባለው በአብዛኛው ጥቅምን ነው። ጉዳት ካልፈለጉት አይገኝም፤ በደንብ ያልተፈለገበት ጥናት ላይ መድኃኒቱ ንጹሕ መስሎ ይወጣል። ጠቅላላ ነጥቡ ደግሞ ይህን አይነግራችሁም። ሮፌኮክሲብ (ቫዮክስ) እና ናፕሮክሲን የተባሉ ሁለት የሕመም ማስታገሻዎችን ያነጻጸረውን ቪጎር የተባለ ጥናት ውሰዱ፦ 8,076 ሕሙማን በዕጣ ተመድበው፣ ሐኪሙም ታካሚውም የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠ ሳያውቁ የተሠራ ነው። በየትኛውም መመዘኛ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ሆኖም የልብ ችግሮች ቆጠራ የተዘጋው ከጨጓራ ችግሮች ቆጠራ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው ጽሑፍ የተመሠረተው ቫዮክስ በወሰዱት 17፣ ናፕሮክሲን በወሰዱት 4 ሀርት አታክ ላይ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ በቫዮክስ በኩል የደረሱት ሦስቱ ሲጨመሩ 17ቱ 20 ይሆናሉ። መድኃኒቱ ከገበያ የወጣው በ2004 ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥናት እነዚህን መዝግቡ፦ ጉዳቱ በየቀጠሮው በቅጽ ተጠይቋል ወይስ ታካሚው ራሱ ሲያነሳው ብቻ ተጻፈ? ሀርት አታክ መሆኑን የወሰነው ምድቡን የማያውቅ ኮሚቴ ነው? መድኃኒቱን ያቋረጡት ለስንት ጊዜ ክትትል ተደረገላቸው?

ባዮስታት፦
በኤፒ እስማማለሁ፤ ግን አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደ ታች አይደለም። ታካሚው የሚወስደውን ካወቀ እንደ ጡንቻ ሕመም ያለ ስሜት ሊጋነን ይችላል። ሳምሰን በተባለው ጥናት ስታቲን (የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት) አቋርጠው የነበሩ 60 ሰዎች ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ባዶ ክኒን ሲወስዱም ታይቷል። ሞት ላይ ይህ ችግር እምብዛም ነው።

ጥናቶቹን አታስወጡ፤ ጉዳቱን በፈለጉበት መንገድ ከፋፍላችሁ ለየብቻ ተንትኑ። ዜሮ ክስተት ያለባቸውንም አትጣሉ። በዜሮው ላይ 0.5 መጨመር ግን ክስተቱ ብርቅ ሲሆንና የሁለቱ ቡድኖች ቁጥር ሲራራቅ ውጤቱን ያዛባል፤ ማንቴል ሄንዜል የተባለውን የማጠቃለያ ስሌት ያለ ጭማሪ ወይም ቤታ ባይኖሚያል የተባለውን ሞዴል ሞክሩ። ከ300 ሰው አንድም አልተጎዳም ማለት ደግሞ ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ እውነተኛው መጠን እስከ 1 በመቶ (3 ሲካፈል ለ300) ሊደርስ ይችላል።

ጠያቂ፦
የታተመው ጽሑፍ ጉዳቱ እንዴት እንደተመዘገበ ባይገልጽስ?

ኤፒ፦
«አልተገለጸም» ብላችሁ ለብቻው መድቡት እንጂ «ጉዳት የለም» ብላችሁ አትሙሉት። ቀጥሎ ክሊኒካል ትሪያልስ ዶት ጎቭ በተባለው የጥናቶች መዝገብ ድረ ገጽ የከባድ ጉዳቶችን ሰንጠረዥና የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የግምገማ ሰነዶችን ፈትሹ፤ ከመጽሔቱ የቀረ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።