ሞተር ጠፍቶ ውኃ ላይ ማረፍ፦ የኮሞሮሱ አደጋ

የሐዋሳ ልጅ፦ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈው ቦይንግ 767 ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ካረፈው ግን 155ቱም ተረፉ። ልዩነቱ የአብራሪ ችሎታ ነው?

የቀድሞ አስተናጋጅ፦ በፍጹም! ይህ ንግግር ያንገበግበኛል። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተውበት፣ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገለ ነው ያሳረፈው። ፍላፕ (በዝቅተኛ ፍጥነት ለማረፍ የሚዘረጋውን የክንፍ ክፍል) መዘርጋት ስላልቻለ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነበር፤ የግራው ክንፍና ሞተር ቀድመው ውኃውን መቱ፣ አካሉም ተሰባበረ። ሃድሰን ላይ የሚታገል ሰው አልነበረም፤ ጀልባዎችም ወዲያው ደረሱ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ብዙዎች የሕይወት አድን ሰደሪያቸውን ገና ውስጥ ሳሉ ነፉት። ውኃው ሲገባ ሰደሪያው ወደ ጣሪያ አንሳፈፋቸው፤ ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት አልቻሉም። ልበሱት፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፤ መንፊያውን ገመድ ግን በሩ ላይ ስትደርሱ ብቻ ሳቡ።

ታዛቢ፦ አውሮፕላኑ የወደቀው ከሆቴል ፊት ለፊት ስለነበር ቱሪስቶችና የአካባቢው ሰዎች በጀልባ ደርሰው ብዙ ሰው አውጥተዋል። እነርሱም ይመስገኑ።

የሐዋሳ ልጅ፦ አመሰግናለሁ። እንደተቀመጥኩ ሰደሪያው ያለበትን ቦታ ብፈልግ ይበቃል?

የቀድሞ አስተናጋጅ፦ እሱንም አድርግ፤ እስከ መውጫው ያሉትን ወንበሮችም ቁጠር። ጨለማና ጭስ ካለ በእጅህ እየዳሰስክ ነው የምትሄደው።